ቀለበቱን ማን መዘነው?

ባለፈው ዓመት፣ ከዳግም ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው ሳምንት፣ ከአቃቂ አሮጌ የባቡር ጣቢያ ብዙ በማይርቀው በእኅቴ ቤት ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ፣ የእኅቴ ልጅ በባሕር ማዶ ያለው እጮኛዋ የላከላትን ባለ አልማዝ ቀለበት ከትንሿ ሣጥን አውጥታ ባሳየች ጊዜ፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ ወጣቶቹም ዋጋውን በሹክሹክታ ሲጠያየቁ፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈው አክስታችን ብቻ ቀለበቱን በመዳፋቸው ላይ አኑረው፣ እጃቸውንም ጥቂት ከፍና ዝቅ አድርገው፣ «ማን መዘነው?» ሲሉ ጠየቁ። ልጅቱ «ከነግምት ወረቀቱ ነው የመጣው፣ እማማ፤ ድንጋዩ ግማሽ ካራት ነው ይላል» ብላ ብትመልስ፣ እርሳቸው «ወረቀቱን የጻፈው የሸጠው ሰው አይደለም ወይ? እኔ የጠየቅሁሽ የመዘነውን ነው» አሏት። ቤቱ ጥቂት ዝም አለ፤ ከዚያም ቡና ቀረበና ጨዋታው ወደ ሌላ ዞረ።

እኔ ግን ጥያቄው ከኅሊናዬ አልወጣልኝም። በመጀመሪያ የእርጅና ጥርጣሬ መስሎኝ ነበር፤ መጻሕፍቱን ባገላበጥሁና ሽማግሎችን በጠየቅሁ ቁጥር ግን፣ የሀገራችን ሰው ወርቅና ዕንቁ በእጁ በገባ ጊዜ ሁሉ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲጠይቀው የኖረ፣ ሥርዓትም ትውፊትም ያበጀለት ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት።

በመጻሕፍቶቻችን ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ቀለበት ራሱ ስለ ጌጥነቱ ሳይሆን ስለ ምስክርነቱ የተጻፈ ነው። በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በግእዝ የተጻፈው ክብረ ነገሥት እንደሚተርከው፣ ንጉሥ ሰሎሞን ንግሥተ አዜብ ማክዳን ባሰናበተ ጊዜ ከጣቱ ቀለበት አውልቆ ሰጣት፤ የሚወለደውም ልጅ ወደ አባቱ ሲመጣ ምልክት እንዲሆነው አዘዛት። ልጁ አድጎ በነጋዴው በታምሪን መሪነት ወደ ኢየሩሳሌም በወረደ ጊዜ ይህን ቀለበት ይዞ ወረደ። መጽሐፉ የቀለበቱ ፈርጥ ምን እንደ ነበረና ወርቁ ስንት ወቄት እንደ መዘነ ለመንገር አልደከመም፤ የቀለበቱ ዋጋ የሰጠው ሰው አይቶ «የእኔ ነው» ሊል በመቻሉ ላይ ነበርና። የታምሪንም በዚያ መገኘት ያለ ምስጢር አይመስለኝም፤ ታሪኩን የጻፈው ሊቅ ቀለበት የያዘውን ልዑል ከካህን ወይም ከመኰንን ጋር ብቻ ሊልከው ሲችል፣ ዕቃን ከዕቃ መለየት ሥራው የሆነውን ነጋዴ አስቀድሞ አስሄደለት።

ከትረካ ወደ ዓይን ምስክር ስንሻገር ደግሞ፣ በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጼ ካሌብ በነገሠ ጊዜ ወደ አዱሊስ ወደብ የመጣው ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ ያቆየልን ጽሑፍ አለ። እርሱ እንደሚለው የአክሱም ንጉሥ በአገው አገር ሹም በኩል ነጋዴዎችን በየሁለት ዓመቱ ሳሱ ወደምትባለው የወርቅ አገር ይልክ ነበር፤ ከነርሱም ጋር ሌሎች እየተደባለቁ ቁጥራቸው ከ500 ይበልጥ ነበር። በሬ፣ አሞሌ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዱና ከአገሩ ዳርቻ ሲደርሱ በእሾህ አጥር የታጠረ ሰፈር ይሠራሉ፤ በሬዎቹንም አርደው ሥጋውን ከጨውና ከብረቱ ጋር በአጥሩ ላይ ይደረድራሉ። የአገሩ ሰዎች መጥተው እንደ ግብጦ ፍሬ ያሉ የወርቅ እንክብሎችን፣ ከወደዱት ነገር አጠገብ አንድም ሁለትም አስቀምጠው ገለል ይላሉ። የበሬው ባለቤት ቀርቦ ወርቁን ካየ በኋላ ከበቃው ይወስዳል፤ ካልበቃው ግን ሳይነካው ይተወዋል፤ ያን ጊዜ የወርቁ ባለቤት ተመልሶ ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል። ቋንቋ ለቋንቋ ስለማይሰማሙና አስተርጓሚም ስላልነበራቸው ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ያለ አንዲት ቃል ነበር። ገበያው ዐምስት ቀን ያህል ይቈያል፤ መንገዱ ደርሶ መልስ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሲሄዱ በከብቱ ምክንያት በዝግታ፣ ሲመለሱ ግን ክረምቱ እንዳይደርስባቸው በጥድፊያ ይጓዛሉ።

ይህን ምዕራፍ ባነበብሁ ቁጥር የሚያስደንቀኝ፣ እነዚያ ሰዎች እርስ በርስ ሳይተማመኑ እንዴት ያለ ርቱዕ ግምት እንዳበጁ ነው። ሻጩም ገዥውም ዕቃውን ለብቻው፣ ሳይቸኩል፣ ማንም በቃል ሳያባብለው ይመረምራል፤ ካልተስማማውም ምንም ሳያጣ ይመለሳል። ዛሬ አንድ ሰው በሚያብረቀርቅ መብራት በተሞላ ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ የሻጩን ጣፋጭ ቃል እየሰማ፣ ገንዘቡንም አስቀድሞ ከፍሎ ቀለበት ይዞ ሲወጣ፣ የሳሱ ገበያተኛ የነበረው ነፃነት የለውም።

የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የወርቅ ገንዘብ አሠርተዋል፤ የዚህም ወርቅ ንጽሕና ከዘመን ወደ ዘመን እየቀነሰ መሄዱን የዛሬ መርማሪዎች ደርሰውበታል። ከመንግሥቱ ድካም በኋላ ግን ሀገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት የራሷን ገንዘብ ሳትመታ ኖረች፤ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ በአጼ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የተመታ ገንዘብ እንደሌለና ወርቁ በወቄት እየተመዘነ እንደሚከፈል ጽፏል። ይህ ማለት በወርቅ የሚገበያይ ሰው ሁሉ፣ ቢወድም ቢጠላም፣ በሚዛን ፊት መቆም ነበረበት ማለት ነው።

ሚዛን በሀገራችን ሰው ልብ ውስጥ ምን ያህል ስፍራ እንዳለው ለማወቅ የቤተ ክርስቲያንን ግድግዳ ማየት ይበቃል። ሰባ ስምንት ነፍሳትን የበላው የበላዔ ሰብእ ታሪክ በተሣለበት ሁሉ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው የሰጣት አንዲት ጥርኝ ውኃ ከሰባ ስምንቱ ነፍሳት ጋር በመዳልው ላይ ተቀምጣ ትታያለች፤ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ይህን የሰማ ምእመን፣ በማግስቱ ገበያ ወጥቶ የወርቅ ሚዛን ሲያይ ነገሩ ከንግድ ያለፈ ሆኖ ቢታየው አያስደንቅም። አክስቴ «ማን መዘነው?» ሲሉ የተናገሩበት ድምፅ፣ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ሳይሆን ነውር የሚፈራ ሰው ድምፅ ነበር።

ወቄት ምን ያህል ነበር? መጠኑ በየአገሩና በየዘመኑ ይለያይ የነበረ ቢሆንም፣ በኋለኛው ዘመን መስፈሪያው የታወቀ ሆነ፤ ይኸውም የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ነው። የኦስትርያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ሥዕል ያለበት፣ ከሞተችም በኋላ ዓመተ ምሕረቱ በ1780 ላይ እንደ ቆመ ሲመታ የኖረው ይህ ብር 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ ከስድስት እጅ ዐምስቱም ንጹሕ ብር ነው። ባላገሩ ይህን ገንዘብ እንዲሁ አይቀበልም ነበር፤ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉት ዘጠኙ ነጠብጣቦች ሙሉ መሆናቸውን በጥፍሩ እየዳሰሰ ይቈጥራል፤ ከተፋቁ ወይም ከጎደሉ ይመልሰዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ያስመቱት ብር ክብደቱም ንጽሕናውም ከጠገራው ጋር እንዲተካከል ሆኖ ሳለ፣ ሕዝቡ ለብዙ ጊዜ አሮጌውን መምረጡ ለንጉሡ ካለው ፍቅር ጉድለት የተነሣ አልነበረም፤ በአያቱ ጥፍር የተፈተነውን ስለሚያምን ነው። ጠገራው ደግሞ ለአንጥረኛው ሚዛንም ጥሬ ዕቃም ነበር፤ በአንድ በኩል ወርቁን ይመዝንበታል፣ በሌላ በኩል አቅልጦ የአንገት መስቀልና ቀለበት ይሠራበታል።

እዚህ ላይ ስለ ካራት የምለው አለኝ። አልማዝ የሚመዘንበት ካራት ስሙን ያገኘው ከግሪክ ቋንቋ፣ ኬራቲዮን ከሚባለው የአንድ ዛፍ ፍሬ እንደ ሆነ፣ በዐረቦች ቂራጥ በኩል አልፎ ወደ ኤውሮጳ እንደ ገባ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ ሀገራችን መጥቶ በጎንደር የተቀመጠው የእስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ሌላ ነገር ይላል፤ ኩዋራ ብሎ የሚጠራው ዛፍ ቀይ፣ ጥቁር ነጥብ ያለበት ፍሬ ክብደቱ እርስ በርሱ ስለሚተካከል፣ በምዕራብ ቆላ ያሉ የወርቅ አገር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ወርቅ ይመዝኑበት እንደ ነበር፣ ከዚያም ወደ ሕንድ ተሻግሮ ለአልማዝ መመዘኛ እንደ ሆነና ካራት የተባለውም ከዚህ እንደ ሆነ ጽፏል። በስሙ አመጣጥ ላይ የብሩስን ሐሳብ ዛሬ የሚቀበለው የለም፤ እኔም አልቀበለውም። ዛፉ ግን የታወቀ ዘመዳችን ነው። እኛ ኮርች የምንለው፣ በሸዋ ደጋ ለአጥር የሚተከለው፣ አበባው እንደ ፍም የሚቀላው ዛፍ ከዚሁ ወገን ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅለው ዓይነት በሊቃውንት ዘንድ በብሩስ ስም ተሰይሟል። ልጆች ሳለን ፍሬውን እየለቀምን ስንጫወትበት የነበርን እኛ፣ በእጃችን የሚያልፈው ነገር በአንድ የውጭ ሰው መጽሐፍ ውስጥ የወርቅና የአልማዝ መመዘኛ ተብሎ እንደ ተጻፈ ማን በነገረን! ካራቱ ራሱ እንኳ ለብዙ መቶ ዓመታት ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር፤ አንድ ካራት 200 ሚሊግራም ይሁን ተብሎ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው።

ስለ አንጥረኛው ደግሞ በጥቂቱ ብናገር ቅር የሚለው ይኖራልና ላብራራ። የሀገራችን ወርቅ ሠሪ የወርቁን ዓይነት የሚያውቀው በመጀመሪያ በዓይኑ፣ ቀጥሎ በእጁ፣ በመጨረሻ በድንጋይ ነው። ጥቁርና ለስላሳ በሆነ ድንጋይ ላይ የመጣውን ወርቅ ያሽና ከአጠገቡ ንጽሕናው አስቀድሞ የታወቀ ወርቅ አሽቶ ሁለቱን መስመሮች ያስተያያል፤ ብርና መዳብ የበዛበት መስመሩ ይነጣል ወይም ይቀላል። በኋላ ዘመን አሲድ በገባ ጊዜ ደግሞ በመስመሮቹ ላይ አንዲት ጠብታ እየጣለ፣ ናይትሪክ አሲድ ብሩንና መዳቡን በልቶ ወርቁን የሚተው ስለ ሆነ፣ የትኛው መስመር ቶሎ እንደ ጠፋ ይመለከታል። ይህ ጥበብ ለዓይን ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ንጽሕናው ዐሥራ ስምንት ካራት በሆነና ሃያ አንድ ካራት በሆነ ወርቅ መካከል ያለውን የኅብር ልዩነት ለመለየት ዓመታት የፈጀበት እጅ ይፈልጋል።

የሠሪዎቹ ጥበብ ወደ ቅኔ ቤት ገብቶ የቅኔያችንን ዋና ስም ሰጥቷል። አንጥረኛው የሚሠራውን ቅርጽ በሰም ያበጃል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው የቀለጠው ወርቅ ይገባል፤ ሊቃውንቱም ይህን አይተው የላዩን ትርጉም ሰም፣ የውስጡን ወርቅ አሉት። እንግዲህ ሊቅ ሁሉ በየቀኑ የሚጠቅሰው ምሳሌ ባለቤት የሆነው ሰው፣ ባለእጅ ተብሎ ይናቅ፣ ቡዳ ተብሎ ይፈራ፣ ርስትም ሆነ ጋብቻ ይከለከል የነበረ መሆኑን ሳስብ ልቤ ያዝናል። ወርቁ የሚታመንለት፣ ራሱ ግን የማይታመን ሰው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ ያወጁት ዐዋጅ ይህን ነውር ለማስቀረት የታሰበ ነበር፤ ዐዋጁ ወጥቶም ነውሩ ከብዙ ሰው አፍ እስኪጠፋ ረጅም ዘመን ወስዷል።

ዕንቁን በተመለከተ ግን የሀገራችን ሠሪ የተለየ ልማድ ነበረው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ዘርፈው የወሰዱትና ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ያለው ታላቅ ዘውድ፣ ከወርቅና ወርቅ ከተለበጠ መዳብ የተሠራ ሲሆን ያጌጠበት ፈርጥ ብርጭቆ ነው። ይህን የሚሰማ የዛሬ ሰው «እንግዲያስ ሐሰተኛ ነው» ሊል ይቸኩላል፤ ስሕተት ነው። ለቤተ ክርስቲያን የተሠራ ዘውድ ፈርጥ ሥራው በጧፍ ብርሃን ማብራት ነው፤ ማንም አልማዝ ነው ብሎ አልሸጠውም፤ ማንም አልማዝ ነው ብሎ አልገዛውም። ሐሰት የሚጀምረው ብርጭቆው ሌላ ስም ሲሰጠው ነው። እናቶቻችን አልማዝን በዓይናቸው ሳያዩ ልጆቻቸውን አልማዝ፣ ዕንቁ፣ ወርቅነሽ ብለው የሰየሙትም፣ ስሙ ከመጽሐፍ ቅዱስ የካህኑ የአሮን ልብሰ እንግድዓ ላይ ካሉት ዐሥራ ሁለት ዕንቁዎች ጋር ደርሷቸው ነው።

አልማዙ ራሱ በእጅ የሚገባ ነገር እየሆነ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1867 በደቡብ አፍሪካ ከተገኘ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ዓለም በዋናነት የሚያውቀው የሕንድንና የብራዚልን ነበር። ወደ እኛ አገር የባሕር ማዶ ጌጥ የገባበት በር ደግሞ የእኛው አቃቂ ነበረች። ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 መዘርጋት የጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ብዙ ዓመት ቆመ፤ በ1915 ከአዲስ አበባ 23 ኪሎ ሜትር ላይ ወዳለችው ወደ አቃቂ ደረሰ፤ ዋናውን ከተማ የነካው ግን በ1917 ነው። በነዚያ ሁለት ዓመታት ከባሕር ማዶ በባቡር የመጣ ዕቃ ሁሉ፣ የእጅ ሰዓቱም፣ ጌጡም፣ ጨርቁም፣ በአቃቂ ሜዳ ላይ ይወርድና በበቅሎ፣ በአጋሰስና በሰው ትከሻ ወደ አራዳ ይጓዝ ነበር። ዛሬም ከባሕር ማዶ በመኪና የሚመጣው ጭነት በቃሊቲ ጉምሩክ ተራ ይዞ ሲገመትና ሲቀረጥ ሳይ፣ ይህ የከተማይቱ ደቡብ ዳርቻ ዕቃ ከመግባቱ በፊት የሚመረመርበት ደጅ ሆኖ እንደ ቀረ ይሰማኛል።

በአራዳ፣ በኋላም ፒያሳ በተባለው ሰፈር፣ የአርመን፣ የግሪክና የሕንድ ነጋዴዎች ከሀገሬው ሠሪዎች ጋር ጎን ለጎን ሱቅ ከፈቱ። ከአርመኖቹ አንዱ፣ ዲክራን ኤበያን፣ የአጼ ዮሐንስንም የዳግማዊ ምኒልክንም ዘውድ በመሥራት ስሙ በታሪክ ተጽፏል። ፈርጥን በጥፍር አቅፎ የማሰር የኤውሮጳ ብልሃት በነዚህ ሱቆች በኩል ለሀገሬው ሠሪ ደረሰ፤ ከእርሱም ጋር አዲስ ችግር ደረሰ።

ችግሩን ለመረዳት የጥሎሽን ሥርዓት ማስታወስ ያሻል። በጥሎሽ ቀን የሙሽራው ወገን ያመጣው ሻንጣ በሽማግሎች ፊት ይከፈታል፤ አንድ ሰው እያንዳንዱን ዕቃ ከፍ አድርጎ ስሙን እየጠራ ያሳያል፤ ቀሚሱ፣ ጫማው፣ ጥላው ካለፈ በኋላ ወርቁ ሲመጣ ቤቱ ጸጥ ይላል። ድሪው፣ አምባሩ፣ ቀለበቱ በየተራ ይነሣል፤ የሙሽሪት ወገን ሽማግሎች ተቀብለው ያያሉ፤ ያወቀ በእጁ ይመዝናል፤ ከዚያ በኋላ ነው «ተቀብለናል» የሚባለው። ምስክር በተሞላበት ቤት፣ ከመቀበል በፊት፣ ሰጪውም ተቀባዩም በሌሉበት ሳይሆን ባሉበት የሚደረግ ግምት ነው። ለወርቅ ይህ ይበቃል፤ ወርቅ ክብደቱ በእጅ ይታወቃል፣ ኅብሩም በዓይን። አልማዝ ግን ለሽማግሌ እጅ አይገዛም። ግማሽ ካራት ማለት የአንድ ግራም ዐሥረኛ እጅ ነው፤ ይህን የሚያውቅ መዳፍ የለም። በቀለበት ላይ ከታሰረም ፈርጡ ካልወጣ በሚዛን ሊመዘን አይችልም፤ ስፋቱና ጥልቀቱ ተለክቶ በስሌት ይገመታል እንጂ። ቀለሙ፣ ጥራቱና አቀራረጹም ዋጋውን እጥፍ ድርብ ሲያደርጉት፣ ያልሠለጠነ ዓይን ልዩነቱን አያይም።

አክስቴን ለማስደሰትም፣ ለራሴም ለማወቅ፣ ልጅቱን ይዤ በፒያሳ ወርቅ በመሥራት ወደ ሸመገሉ አንድ ሰው ሄድሁ። ቀለበቱን ተቀብለው ከመናገራቸው በፊት ብዙ ጊዜ አዩት። በውስጡ በኩል 750 የሚል ምልክት አለበት፤ ይህ ማለት ከሺህ እጅ ሰባት መቶ ሃምሳው ወርቅ፣ ማለትም ዐሥራ ስምንት ካራት ነው። እርሳቸው ግን ምልክቱን አልተቀበሉትም፤ ከማይታይ ቦታ በድንጋዩ ላይ አሽተው አሲዱን ጣሉበትና «ወርቁ እውነት ነው» አሉ። ቀጥለው እንደ እርሳስ ያለች መሣሪያ አውጥተው ጫፏን በፈርጡ ላይ አሳረፉ፤ አልማዝ ሙቀትን ከማንኛውም ዕንቁ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያሳልፍ መሣሪያዋ ብርጭቆንና ዚርኮንን ትለያለች። ጮኸች። ልጅቱ ደስ አላት።

«አትቸኩዪ፣ ልጄ» አሏት። «ይህች መሣሪያ የምትነግረኝ አልማዝ መምሰሉን ነው። ሞይሳናይት የሚሉት ድንጋይ አለ፣ እርሷንም ያታልላታል፤ ለእርሱ ሌላ መሞከሪያ አለ። ደግሞም አልማዙ ከመሬት የተቆፈረ ይሁን በፋብሪካ የተሠራ አልነግርሽም፤ ሁለቱም አንድ ባሕርይ ናቸው። ወርቁን እመሰክርልሻለሁ፤ ለድንጋዩ ግን እኔ ምስክር ልሆን አልችልም።» በዕድሜዬ ብዙ ባለሙያ አይቻለሁ፤ የሚያውቀውን ከማያውቀው እንዲህ ለይቶ በሰው ፊት የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ በማጉያ መነጽር የድንጋዩን ወገብ ዙሪያውን እያዞሩ ሲመለከቱ፣ በባዶ ዓይን ፈጽሞ የማይታዩ፣ በጨረር የተቀረጹ ቁጥሮች አገኙና አንድ በአንድ አነበቡልን። ቁጥሩን ለእጮኛዋ ብንልክለት፣ በዚያው ቁጥር የተመዘገበ የምርመራ ወረቀት እንዳለ፣ እርሱም ከሱቁ የግምት ወረቀት ሌላ እንደ ሆነ፣ ሱቁ ሲሸጥለት አብሮ ሰጥቶት ከሻንጣው ውስጥ ረስቶት እንደ ነበር ነገረን። ይህን ወረቀት የሚሰጡት የማይሸጡና የማይገዙ የምርመራ ቤቶች ናቸው፤ ከነዚህም ስመ ጥሩው እ.ኤ.አ. በ1931 የተመሠረተው የአሜሪካ የዕንቁ ጥናት ተቋም ነው፤ ቀለሙን ከ«ዲ» እስከ «ዜድ» በፊደል፣ ክብደቱንም እስከ ካራት መቶኛ እጅ እየለየ የሚጽፍ። በወረቀቱ ላይ ድንጋዩ 0.46 ካራት ነው፤ የሱቁ ወረቀት ግማሽ ያለውን አራት መቶኛ አጉድሎበታል። የሱቁ ወረቀት ዋጋም፣ ሽማግሌው እንዳስረዱን፣ ቀለበቱ ቢጠፋ በአዲስ ለመተካት የሚታሰበውን ዋጋ የሚናገር ነው፤ ቀለበቱን ነገ ልሽጥ ብትል የምታገኘው ሌላ፣ ቀልጦ በወርቅነቱ ቢሸጥ ደግሞ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ወርቅ ገዢው የፈርጡንም ክብደት የእጅ ዋጋውንም ቀንሶ ነው የሚከፍላት። ለአንድ ቀለበት ሦስት ዋጋ አለ፤ የትኛውን እንደ ጻፈ የማይናገር ወረቀት አልተጻፈም ብሎ መቁጠር ይሻላል።

ይህ ነገር የአንዲት ሙሽራ ጭንቀት ብቻ የሚመስለው ሰው በ2000 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከገዛው ወርቅ ወደ ደቡብ አፍሪካ በተላከ ጊዜ፣ ከመካከሉ በወርቅ የተለበጠ ብረት ተገኝቶ ተመለሰ፤ ነገሩም በሀገር ውስጥና በውጭ ሁሉ ተሰማ። የመንግሥት ካዝና የገባ ወርቅ እንዲህ ከሆነ፣ በጣት የሚገባው ምን ይሁን? ዛሬ ደግሞ እኛ የዕንቁ ባለቤቶች ሆነናል፤ ከደላንታ ወገል ጤና ኦፓል፣ ከሻኪሶ ኤመራልድ እየወጣ ወደ ዓለም ገበያ ይሄዳል። ከገደል ጫፍ ቆፍሮ የሚያወጣው የደላንታ ወጣት ድንጋዩን የሚገዛው ሰው በነገረው ዋጋ ብቻ እንዳይሸጥ፣ የማይገዛና የማይሸጥ መርማሪ በሀገሩ ውስጥ፣ በቅርቡ፣ በሚችለው ዋጋ ሊያገኝ ይገባዋል። ይህን የምለው በምኞት አይደለም፤ የሳሱ ወርቅ ቆፋሪ ከአንድ ሺህ ዐምስት መቶ ዓመት በፊት የነበረውን መብት የዛሬው እንዳያጣ ነው።

ወደ አቃቂ ተመልሰን ሁሉንም ለአክስታችን በነገርናቸው ጊዜ፣ ስለ ጎደለው አራት መቶኛ ምንም አልተናገሩም። «የመዘነው ሰው ነጋዴ አይደለም?» ብለው ጠየቁ፤ አይደለም አልናቸው። ቀለበቱን በገዛ እጃቸው በልጅቱ ጣት ላይ አሰሩላት።

የፒያሳው ሽማግሌ ልጆቻቸው ሙያውን አልያዙም። ከአባታቸው የወረሱት የወርቅ ሚዛን፣ ጥቁሩ ድንጋይና እንደ ሚዛን ደንጊያ የሚያገለግሉ አራት ጠገራዎች በመሳቢያቸው ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልለው ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ዕቃ በቤታችሁ ያላችሁ አንባቢዎች፣ በአቃቂም በአንኮበርም በጎንደርም የምትኖሩ፣ እባካችሁ አታቅልጡት፣ ለአሮጌ ዕቃ ገዢም አትስጡት፤ የአባቶቻችሁን ስምና የሠሩበትን ዘመን ጽፋችሁ በስድስት ኪሎ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር አስረክቡት።